ስምንት ሰዓት ላይ ገርበብ የሚለው በር

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። የቆመም ይቀመጥ፣ ጋደም ብሎ ስልኩን የያዘም እንደተጋደመ ይስማኝ። ብቻ ልባችሁን ስጡኝ።

የምነግራችሁ የሆነ ነገር ነው። ኤሌኒ፣ የዚያ ቤት እመቤት፣ እፊቴ ቁጭ ብላ እንባዋን እየጠረገች ያወራችኝ ነው። መጨረሻውን ደግሞ በዚህ ዓይኔ አይቼዋለሁ።

ጅቡቲ ከተማ። ራስ ዲካ፣ ባሕሩ አጠገብ።

ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው።

የጅቡቲን ስምንት ሰዓት የማያውቅ ይኖራል... በሐምሌ፣ ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ከበረሃው ሲነሳ፣ ሱቁ ይዘጋል፣ ታክሲው ይጠፋል፣ ጫት የያዘ ጫቱን ይዞ ይገባል። ውሻ እንኳ አይጮህም። ፀሐይ አናት ላይ ቆማ ከተማው እንደ እኩለ ሌሊት ጭር ይላል።

አባቶቻችን የቀትር ጋኔን ይሉ የለ? ጅቡቲን ሳያዩ እንዴት እንዳወቁት እንጃ።

ኤሌኒ ያላት አንድ ልጅ ነው፤ ዮሳዲቅ። ሃያ ዓመት ሞልቶታል። ባሏ ገብረኪዳን የወደብ ዕቃ ትራንዚት ስለሚሠራ ቀኑን ሙሉ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ፔካ 12 ማቆሚያ፣ ከከባድ መኪኖቹ ጋር ነው። ቤት የሚውሉት እናትና ልጅ ናቸው። ከነሱ ጋር ደግሞ ሠራተኛቸው ዘነቡ።

ዘነቡን እኔም አውቃታለሁ። የከሚሴ ሰው ናት። አርብ አርብ፣ በእረፍቷ ቀን፣ ካርቲየ 4 ሰፈር እኔ ቤት ብቅ ትል ነበር። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ዮሳዲቅን አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት።

እንግዲህ ልጁ ለጨዋታ የሚሆን ኮምፒውተር ልሥራ አለ። የተሠራውን መግዛት ሳይሆን፣ ዕቃውን አንድ በአንድ መርጦ መገጣጠም። ኤሌኒም ደስ አላት። «ቤት ከተቀመጠልኝ ጫት ቤት አይገባም፣ ከዓይኔ አይጠፋም» አለች። የእናት ነገር... አንድ ልጇን እንዳታጣ ነበር ፍርሃቷ ሁሉ።

ሙሕሲን ሱቅ ሄዱ። ሙሕሲን ድሬዳዋ ያደገ፣ አማርኛው የኛው የሆነ ልጅ ነው። ከዮሳዲቅ ጋር በኢንተርኔት አብረው ይጫወታሉ።

«ይቺን ውሰድ» አለው፣ አጠር ያለች ግራፊክስ ካርድ እያሳየው። «የጨዋታውን ምስል የምታወጣልህ እሷ ናት። መብራት አትበላ፣ አትግል። ትበቃሃለች።»

«ትልቁን ነው የምፈልገው።»

«ትልቁማ ምድጃ ነው!»

«ይሁና።»

«አንተ፣ አዲስ አበባ ብትሆን ሁለት አድርገህ ግዛ እልህ ነበር። እዚህ ዕቃ ስትመርጥ መጀመሪያ የምታማክረው ከተማውን ነው። ምድጃ ላይ ምድጃ ይጣዳል እንዴ?»

ዮሳዲቅ መች ሰማው። ፕሮሰሰሩንም ትልቁን፣ መብራቱን የሚመግበውን ፓወር ሰፕላይም ትልቁን መረጠ። ሙሕሲን ፊቱ ወንፊት የሆነ፣ አየር የሚያስገባ ኬዝ፣ የኮምፒውተሩን ሣጥን ማለቴ ነው፣ አወጣለት። እሱ ግን ዙሪያው መስታወት የሆነው ላይ ዓይኑ ቀረ። ማራገቢያዎቹ ባለ መብራት ናቸው። ፊቱ ላይ ደግሞ የውስጡን ሙቀት በቁጥር የምታሳይ ትንሽ ስክሪን አለችው።

«ያምራል» አለ ሙሕሲን። «ግን ያፍነዋል። መተንፈሻ የለውም።»

ኤሌኒ የልጇን ፊት አየችና ጣልቃ ገባች። «ምን ቢደረግለት ነው ታዲያ ይሄ የሚሆነው?»

«ቀዝቃዛ ክፍል፣ እትዬ ኤሌኒ። ጠበብ ያለ፣ ፀሐይ የማያገኘው፣ የራሱ ኤሲ ያለው። በሩም ተዘግቶ የሚውል።»

ኤሌኒ አሰበች። ሳሎኑ ሰፊ ነው፣ ቅዝቃዜ አይይዝም። የዮሳዲቅን ክፍል የከሰዓት ፀሐይ ፊት ለፊት ይመታዋል።

«የዘነቡ ክፍል አለ» አለች።

ሙሕሲን ቀና ብሎ አያት። «እሷስ?»

«ጣሪያው ላይ የቆርቆሮዋ ክፍል አለች። ለአንድ ወር ብቻ ነው። ሌላ ኤሲ እስክናስገባ።»

ለአንድ ወር ብቻ... ይቺን ቃል ያዙልኝ ልጆቼ። ትመለሳለች።

ዘነቡ ፍራሿን ተሸክማ ወጣች። ኮምፒውተሩ ክፍሏ ውስጥ በሰማያዊ መብራት ሲንቦገቦግ ስታይ አፏን ይዛ ሳቀች አሉ።

«ዮስዬ፣ ይሄ ሙሽራ ነው እንዴ? ጫጉላ ቤት ገባ እኮ! ኧረ እኔን ሚዜ እንኳ አርጉኝ!»

ሁሉም ሳቁ።

ሐምሌ ገባ። ካምሲን ተነሳ።

ያቺ የቆርቆሮ ክፍል በቀን እጅ አታስነካም። ዘነቡ የአገሬውን ዘዴ ያዘች። አንሶላ ባልዲ ውስጥ ትነክራለች፣ ሳትጨምቅ ትለብሳለች፣ ትጋደማለች። ገና እንቅልፍ ሳይወስዳት አንሶላው ደርቆ እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል።

አንድ ቀን ኤሌኒን ለመነቻት።

«እትዬ... ስምንት ሰዓት ላይ ብቻ፣ በሯን ትንሽ ገርበብ ብታደርጉልኝ። አልገባም። ኮሪደሩ ላይ፣ ሴራሚኩ ላይ ጋደም ብዬ ነፋሷን ላግኝ።»

«ቅዝቃዜው ይወጣል፣ ዘነቡ። ማሽኑ ይግላል።»

«በመዳፍ ልክ ብቻ...»

«ወሩ እኮ ደረሰ፣ ትንሽ ቻይው።»

«እሺ፣ እትዬ።»

እሺ አለች። እሷ እሺ ከማለት ሌላ መች ታውቃለች።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። አንድ ቀን ኤሌኒ ከቀን እንቅልፏ ተነስታ ወደ ኮሪደሩ ስትወጣ፣ ዘነቡ በሩ ሥር ተኝታለች። በደረቷ። እርጥብ አንሶላዋን እንደለበሰች።

አፍንጫዋ በበሩና በወለሉ መሐል ካለችው ክፍተት ላይ ተለጥፏል።

በሩ ዝግ ነው።

ዮሳዲቅ ውስጥ ነበር። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ይጫወታል። «የሆነ ነገር ሲቧጥጥ ሰምቼ ነበር» አለ። «ጨዋታው ውስጥ መስሎኝ ነው።»

ለዘመዶቿ በልብ በሽታ ሞተች ተባለ። ኤሌኒ በዚያው አንሶላ በእጇ ጠቅልላ አስቀበረቻት።

ኤሲው ግን አልጠፋም። በሩም አልተከፈተም።

መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው... ሐዘኑ ገና አልወጣም። ስምንት ሰዓት ላይ ኤሌኒ ለልጇ ጭማቂ ይዛ ገባች። ዮሳዲቅ ማዳመጫውን አውልቆ ነበር። የሙሕሲን ድምፅ ከድምፅ ማጉያው ይወጣል።

«ዮስ፣ እስቲ ማይክህን ዝጋው።»

«ምነው?»

«አጠገብህ የተኛችው ሴት ታንኮራፋለች።»

ዮሳዲቅ ዞሮ እናቱን አያት። እናቱ በሩ ላይ ቆማለች።

«ማንም የለም» አለ በሹክሹክታ።

ሙሕሲን የማዳመጫውን ድምፅ ከፍ አደረገ። ቆየና...

«አሁን ተገላበጠች» አለ።

ሙሕሲን ከዚያ ቀን ወዲህ ከዮሳዲቅ ጋር ተጫውቶ አያውቅም። መንገድ ላይ ሲያየውም ይሻገራል።

ከዚያ በሩ።

ኤሌኒ ትዘጋዋለች። ስምንት ሰዓት ሲሆን ገርበብ ብሎ ታገኘዋለች። በቁልፍ ቆለፈችው፣ ቁልፉን ጉያዋ ከተተች። ተኝታ ተነሳች፣ ቁልፉ ጉያዋ አለ... በሩ ገርበብ ብሏል።

በመዳፍ ልክ።

ኮሪደሩ ላይ፣ ሴራሚኩ ላይ፣ ውሃ አለ። የፈሰሰ ውሃ ቅርፅ የለውም መቼም። ይሄኛው ትከሻ አለው። ዳሌ አለው። የታጠፈ ጉልበት አለው። ኤሌኒ ወለወለችው። ልብስ በቅጽበት በሚደርቅበት አገር፣ ያ ውሃ እስከ ማታ አልደረቀም።

ቀጥሎ ልጁ ይግል ጀመር።

ክፍሉ እንደ ደብረ ብርሃን ይበርዳል፤ እሱ ላቡ ይንጠፈጠፋል። ክሊኒክ ወሰደችው። መለኪያው ጤነኛ ነው ይላል። ግንባሩን የነካች ነርስ ግን እጇን እንደ ተቃጠለ ሰው ሰበሰበች።

ኤሌኒ ተናደደች። ገብታ የኮምፒውተሩን ገመድ ከግድግዳው ነቀለችው። ኤሲውንም አጠፋችው።

ማራገቢያው ግን መዞሩን አልተወም። ቀስ... ብሎ ይዞራል፣ ያቆማል። ይዞራል፣ ያቆማል። ክፍሉ እንደ ቀዘቀዘ ነው። ያቺ ትንሿ ስክሪን በርታለች፣ ቁጥሩ ሠላሳ ሰባት ይላል።

የሰው ገላ ሙቀት።

«ዮስዬ፣ ና እንውጣ ከዚህ» አለች። ዞር ስትል ዮሳዲቅ የለም።

በሩ ገርበብ ብሏል። ከሴራሚኩ ተነስቶ የውሃ ጠብታ ወደ ደረጃው ይሄዳል። እየተከተለች ወጣች። ባዶ እግሯን ነበረች፣ የጣሪያው ሲሚንቶ ውስጥ እግሯን ላጠው። አልተሰማትም።

የቆርቆሮዋ ክፍል ውስጥ ልጇ ተኝቷል። ከእግር እስከ ራሱ እርጥብ አንሶላ ለብሶ።

አንሶላውን አወቀችው። ጫፉ ላይ በራሷ እጅ የሰፋችው ስፌት አለ... መሬት ውስጥ የከተተችው አንሶላ ነው።

«ዮስዬ! ተነስ! ተነስ ልጄ፣ ትሞታለህ!»

ዓይኑን አልገለጠም። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል።

«ቀስ በይ እማዬ... ተኝታለች።»

«ማ? ማናት የተኛችው?»

«አትቀስቅሻት። ክፍል ተቀያየርን» አለ። «ለአንድ ወር ብቻ ነው አለችኝ።»

ኤሌኒ ጩኸቷ ባሕሩ ድረስ ተሰማ። ጎረቤት ደርሶ ተሸክሞ አወረደው። በዚያው ሳምንት ገብረኪዳን ሥራውን ጥሎ ሁለቱንም ይዞ አዲስ አበባ ገባ። ኮምፒውተሩን ማን ደፍሮ ይነካዋል፣ እዚያው ቀረ።

ልጁ ተረፈ። ተረፈ ከተባለ።

በነሐሴ፣ በዚያ የአዲስ አበባ ዝናብና ብርድ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ይግላል አሉ። እናቱ አንሶላ ነክራ ታለብሰዋለች። ቁጭ ብላ ሲደርቅ ታያለች። ደግሞ ትነክራለች። ልጇን ቤት ላስቀምጠው ብላ አልነበር... ይኸው አሁን ከቤት አይወጣም።

እኔ ያየሁትን ልንገራችሁና ላብቃ።

ባለፈው ሐምሌ እዚያ የቀረውን የዘነቡን ሻንጣ ለእህቷ ልልክ ብዬ ወደዚያ ቤት ሄድኩ። ሰዓቱ ስምንት ነው። ቤቱ ባዶ ነው። መብራቱ ከተቆረጠ ከርሟል፣ የውጭው ብረት በር በሰንሰለት ታስሯል።

የሰፈሩ ፍየሎች በሩ ሥር በሰልፍ ተኝተዋል። ሁሉም አፍንጫቸውን ወደ በሩ ሥር ክፍተት አስጠግተው።

ጎንበስ ብዬ እጄን ሰደድኩ።

ቀዝቃዛ ነው። ይመጣል... ያቆማል። ይመጣል... ያቆማል።

ያን ጊዜ ፍየሎቹ ሁሉ ባንዴ ብድግ አሉ። ወደ ግራና ወደ ቀኝ ከፈል ብለው መሐሉን ለቀቁ። አንድ ሰው የሚያልፍበትን ያህል።

በሩ አልተከፈተም። ማንንም አላየሁም።

ፍየሎቹ አንገታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው የሆነ ነገር በዓይናቸው ሸኙ... ከዚያ ተመልሰው ተኙ። አስፋልቱ ላይ የውሃ ጠብታ ነበር። በዚያ ፀሐይ አልደረቀም። ቀጥ ብሎ ወደ ጎረቤቱ ቤት ይሄዳል። ቀና ብዬ ሳይ፣ እዚያም ጣሪያው ላይ የሠራተኛ የቆርቆሮ ክፍል አለ። ገመዱ ላይ የሴት ልጅ ቀሚስ ተሰጥቷል።

ልጆቼ፣ ዘነቡ ትባል ነበር። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍን ነበር።

አደራ፣ አትርሱብኝ።