ከድስት የጠፋው ሎብስተር

ሃዋኒ ክዳኑን አነሣች። ቅቤውና ነጭ ሽንኩርቱ እንዳለ አለ። የሎብስተር ጭራዎቹ ግን የሉም።

«ወይኔ ጉዴ! ሳጅን! ኧረ ሳጅን ሞሲሳ!»

ግቢው ውስጥ ተከራይቶ የሚኖረው ፖሊስ ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ፣ ግማሹ ሳሙና እንደሆነ ሮጦ መጣ።

«ምን ጠፋ?»

«እንጀራዬ!»

እውነቷን ነው። ባሏ ጉታ የጅቡቲ መንገድ ሹፌር ነው፤ ያንን የባሕር ጉድ በበረዶ ሣጥን አምቦ ድረስ ያመጣላት ለዛሬ ነበር። ሐዋሳ ላይ ሆቴል የሚከፍቱት ኦቦ ጋሮማ ከነቀምት ሲመለሱ ሙያዋን ቤቷ መጥተው ሊቀምሱ ነው። ከወደዱት ዋና ሼፍ ያደርጓታል። አሁን ደግሞ «ጉደር ደርሻለሁ» ብለው ደውለዋል። ጉደር ማለት እዚሁ አፍንጫ ሥር ነው።

«መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?»

«አሁን! ቀቅዬ፣ ቅቤ ለውሼ ከደንኩት። ሎሚ ልገዛ ሱቅ ደርሼ ብመጣ...»

«ድመቷ ናታ!» አለች ጎረቤቷ ጊፍቲ፣ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ።

«ድመት በልታ ክዳን ትመልሳለች?» አለ ሞሲሳ። «ይልቅ አንቺ የት ነበርሽ?»

ጊፍቲ ምግብ ቤት አላት፤ የሃዋኒ ሙያ ያንገበግባታል። «ኧረ በጌታ! ልብስ እያጠብኩ ነው!» ብላ እጇን አነሣች። እስከ ክርኗ አረፋ ነው። ሞሲሳ ክዳኑን አገላብጦ አየ፤ የአረፋ ምልክት የለበትም። እሷን ተዋት።

የጉታ እናት አዴ ፋንቱ፣ ከቤተ ክርስቲያን የመጡበትን ነጠላ ሳያወልቁ በሩ ላይ ቆመዋል። ጠዋት ሣጥኑን ከፍተው አይተው፣ አማትበው ነበር የወጡት።

«እርስዎስ፣ አዴ?»

«እኔማ አሁን መግባቴ ነው። ደግሞ ክንፍና ቅርፊት የሌለው ርኩስ! ያንን ቀይ ጊንጥ በእጄ ልነካ? በስመ አብ!»

ሞሲሳ ክዳኑን አስቀመጠ። ሳሙናው ፊቱ ላይ ደርቋል።

«ሃዋኒ፣ ጠዋት ሣጥኑ ውስጥ እያለ መልኩ ምን ነበር?»

«ጥቁር ነዋ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ። እሳት ሲነካው ነው የሚቀላ...»

ሳትጨርስ ወደ አማቷ ዞረች።

«አዴ» አለ ሞሲሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጥሬውን ብቻ ያየ ሰው ቀይ አይለውም።»

አዴ ፋንቱ ከነጠላቸው ሥር ፌስታል አወጡ። ጭራዎቹ ገና ትኩስ ናቸው።

«አዎ፣ እኔ ነኝ! አልጋ ሥር ሻንጣሽን አይቼዋለሁ። ልጄን መንገድ ወሰደብኝ፤ አንቺም ልትሄጂ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ለማን ጥለሽኝ?»

ሃዋኒ በንዴት ገብታ ሻንጣውን እየጎተተች አመጣችና እግራቸው ሥር ከፈተችው።

ከላይ የአዴ ፋንቱ የክት ቀሚስ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ከሥሩ በእግራቸው ልክ የተገዛ አዲስ ጫማ አለ።

«ሥራውን ሳላገኝ ተስፋ ልሰጥዎት ፈርቼ ነው» አለች እንባዋ እየመጣ። «እርስዎን ትቼ የት እሄዳለሁ?»

በሩ ላይ የመኪና ጥሩምባ ጮኸ።

አዴ ፋንቱ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ታዲያ ምን ትገተሪያለሽ? እሳቱን አንድጂ! ድስቱን እኔ እይዝልሻለሁ።»

ኦቦ ጋሮማ ሁለተኛውን ጭራ ጨርሰው ጣታቸውን ላሱ።

«መቼ ትጀምሪያለሽ?»

ሃዋኒ አፏን ሳትከፍት ከጓዳ መልስ መጣ፦

«ሻንጣችን ተዘጋጅቷል!»