የጋሽ ቮልት ሪዝ

«ተከፈተ! ተከፈተ!»

የቁንጫ ታላቅ ወንድም ደረጃውን ሦስት ሦስት እየዘለለ ሲወጣ ድምፁ ቀድሞት ደረሰ። እማዬ የሳሙና አረፋ በእጇ ይዛ ከኩሽና ብቅ አለች።

«ምኑ ነው የተከፈተው? በሩን አሁን ዘግቼው አልነበር?»

«ማሽኑ ነዋ፣ እማዬ! የአባዬ ጌም ማሽን! ሰዎች ቀዳዳ አግኝተውለታል። ኢንተርኔቱ ሁሉ ስለሱ ነው የሚያወራው!»

ሶፋው ላይ ተጋድማ የሂሳብ የቤት ሥራዋን ትሠራ ከነበረችው ከቁንጫ እጅ እርሳሱ ሾልኮ ወደቀ። ቁንጫ ብሎ ስም ያወጣላት አባቷ ነው፤ አንድ ቦታ አርፋ ስለማትቀመጥ። አሁን ግን ከተጋደመችበት ንቅንቅ አላለችም።

አባቷ ቁልፍ ሠሪ ነበር። ሱቁ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም። ጎረቤቱ ቴሌቪዥንና ስልክ የሚጠግኑት ጋሽ ቮልት ናቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ያገለገለ የጌም ማሽን ለልጆቹ ያመጡለት እሳቸው ነበሩ። ሲሰጡትም አስጠነቀቁት።

«ይህን ደግሞ እንደ በር እንዳትነካካው። የዛሬ ዘመን ማሽን በማንም አይከፈትም። ቁልፉ እዚያው ቺፑ ውስጥ ነው የተቀበረው። የፋብሪካው ፊርማ የሌለበትን ነገር በጭራሽ አያስገባም።»

«ቺፑን ማን ሠራው?» አለ አባቷ።

«ሰው።»

«ሰው ከሆነማ እንቅልፍ እንቅልፍ ያለው ቀን ይኖራል። በዚያ ቀን የሠራትን ቦታ መፈለግ ነው።»

በዚሁ ተወራረዱ። ማሽኑ ከተከፈተ ጋሽ ቮልት ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ ያሳደጉትን ሪዝ ይላጫሉ። ተተኪው ሞዴል እስኪወጣ ካልተከፈተ ደግሞ አባቷ ሱቁ ላይ «እዚህ የሚሠራው ሰው ያልከፈተው ቁልፍ አለ» የሚል ጽሑፍ ይሰቅላል። ማሽኑን ከፍቶ ጌም መስረቅ ማንም አላሰበም። ነገሩ የክብር ነበር።

አባቷ ያንን ሰሞን ከሚያገኘው ሰው ሁሉ ሲጠያይቅ ከረመ። የተረዳው ነገር ይህ ነበር፤ አንድ ሰው ቀዳዳ ባገኘ ቁጥር ፋብሪካው አዲስ ሲስተም ይልክና ይደፍነዋል። አፕዴት ያደረገ ማሽን ላይ ቀዳዳው የለም። ወደኋላ መመለስም አይቻልም። ስለዚህ የሲስተሙን ቁጥር በትንሽ ወረቀት ጽፎ ማሽኑ ጀርባ ላይ ለጠፈ። ከሥሩ «ኢንተርኔት እንዳይነካው!» ብሎ ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ልጆቹ ከዚያ በኋላ የተጫወቱት እርስ በርሳቸው ብቻ ነው። አንዳንዴ አባዬም ይገባ ነበር። የመኪና እሽቅድምድም ላይ መኪናው ሲታጠፍ አብሮ ይታጠፋል፤ አንድ ቀን እንዲያውም ከነመቆጣጠሪያው ከሶፋው ላይ ወድቆ፣ መሬት ላይ እንደተኛ ውድድሩን ጨርሷል። አራተኛ ወጣ።

አባዬ ካለፈ ዓመት ከሁለት ወር ሆነው።

ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። የቁንጫ ክፍል ልጆች የጌም እግር ኳስ ቡድን አቋቋሙ፤ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ እያንዳንዱ ከየቤቱ በኢንተርኔት የሚገባበት። አጥቂ ጎድሏቸው ነበር። ቁንጫ ማሽኑን ከዋይፋዩ ጋር አገናኘችው። «ለመቀጠል ሲስተሙን ያድሱ» የሚል ጽሑፍ መጣ። አውራ ጣቷ ቁልፉ ላይ ቆሞ ትንሽ ቆየ። በሦስት ዓመት ያልተገኘ ቀዳዳ አሁን አይገኝም፤ ደግሞስ ማን ያያል? ተጫነችው። በዚያው ዓርብ ሁለት ጎል አገባች። ሰኞ ጠዋት ክፍል ስትገባ አጨበጨቡላት።

«ቀዳዳው ለአሮጌው ሲስተም ብቻ ነው» ይላል አሁን ወንድሟ ማሽኑን አገላብጦ ወረቀቱን እያነበበ። «ይኸው! ቁጥሩ ያው ራሱ ነው! አፕዴት ያደረገ ሁሉ ፀጉሩን እየነጨ ነው። አባዬን እዩልኝ!» ማሽኑን ግንባሩ ላይ ሳመው።

«አቧራውን ሳትጠርግ?» አለች እማዬ፤ ግን እየሳቀች ነበር። «ለጋሽ ቮልት ደውልላቸው። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ይምጡ።»

እስከ ቅዳሜ ሦስት ቀን ነበር። ቁንጫ ሦስት ጊዜ ልትናገር አፏን ከፈተች። አንዴ እማዬ ጨው አቀብዪኝ አለቻት። አንዴ ወንድሟ ከእንቅልፉ አልነቃም። በሦስተኛው ሰበብ እንኳ አልነበረም፤ ዝም ብላ ዘጋችው።

ጋሽ ቮልት ላፕቶፓቸውን በብብታቸው ሸጉጠው መጡ። ሪዛቸው ተበጥሮ፣ ቅባት ተቀብቶ ያበራል።

«ምን ሆነው ነው እንዲህ ያማረብዎ?» አለች እማዬ።

«ለመጨረሻ ስንብቷ አሳምሬያት መጣሁ። ሠላሳ ዓመት አብረን ኖረን እንዲሁ አትሸኝም።»

ወንድሟ የተማረውን ሁሉ አንድ በአንድ አደረገ። ፋይሉን በፍላሽ አስገባ፤ ማሽኑን አጥፍቶ አበራ፤ ጠበቀ። ስክሪኑ ጠቆረ፤ ሁሉም ወደፊት ሰገጉ። ከዚያ ያው የተለመደው ገጽ መጣ። ደገመው። ሠለሰው። በስድስተኛው ላይ ጋሽ ቮልት ሪዛቸውን በሁለት ጣት ዳሰሱ፤ አሁንም ቦታዋ ላይ አለች። ግን ፊታቸው ላይ ደስታ አልነበረም።

«በቃ፣ ልጄ» አሉ። «የወሬ ነገር ነው፤ ሁሉም ተከፈተ ይላል። ወዳጄ ነፍሱን ይማረውና፣ ይቺን አንዷን ተሳስቷል።»

ወንድሟ ፍላሹን ነቅሎ በመዳፉ ውስጥ ያገላብጠዋል። «እኔ እኮ…» ብሎ ጀመረና ተወው። «አባዬ እርግጠኛ ነበር እኮ።»

ቁንጫ አየችው። ዝም ብትል ነገሩ እዚሁ ያበቃል። ማንም እሷን አልጠረጠረም፤ ማንም አይጠረጥራትም። የሚሸነፈው አባዬ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ መልስ አይሰጥም።

ተነስታ መቆጣጠሪያውን ከወንድሟ ጭን ላይ አነሳች። የማስተካከያውን ገጽ ከፈተች፤ ከዚያ ሲስተም የሚለውን።

«ቁጥሩን ከወረቀቱ ላይ አታንብብ» አለች። «ከዚህ አንብብ።»

አነበበ። ወረቀቱን አየ። እንደገና ስክሪኑን አየ።

«ይኼ አዲሱ ነው። ማን…?»

«እኔ ነኝ። ለዓርቡ ጨዋታ ብዬ። አባዬ አልተሳሳተም። እኔ ነኝ የዘጋሁት።»

«ሦስት ዓመት!» ወንድሟ ብድግ አለ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ጠብቀነው! አንቺ… አንቺ…» የሚበቃ ስድብ ስላጣ ወደ ሰገነቱ ወጥቶ በሩን ከኋላው ገጭ አደረገው።

እማዬ ወደ ቁንጫ ዞረች። «ይህን ተሸክመሽ ነው ሰሞኑን እራት አልበላ ያልሽው?»

ቁንጫ አንገቷን ደፋች።

ጋሽ ቮልት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ውርርዱ ይህ ማሽን ይከፈታል ነበር። ይህ አልተከፈተም። ወንድሞቹ ግን ተከፍተዋል። ታዲያ ምን ላድርግ? ግማሹን ልላጭ?»

«ኧረ በፈጠረዎት!» አለች እማዬ። «ሰው አይቶዎት ምን ይላል?»

ቁንጫ ሳታስበው ሳቋ አመለጣት፤ ዓይኖቿ ግን እንባ አዝለው ነበር። በእጅጌዋ ጠረገችው። «ጋሼ፣ ይኼኛውስ? አዲሱ ሲስተም አይከፈትም?»

«ይኼኛውማ ጭራሽ አይሆንም! ያንን ሁሉ ስህተታቸውን አይተው፣ ተምረው የሠሩት እኮ ነው። ጥርስሽ እስኪረግፍ ትጠብቂያለሽ።»

«ባለፈውም እንደዚሁ ነበር ያሉት!» አለ ከሰገነቱ የወንድሟ ድምፅ። አሁንም ተቆጥቷል፤ ግን ሲያዳምጥ ነበር።

ቁንጫ ወደ ማሽኑ ተመለሰች። የዋይፋዩን ገጽ ከፍታ የቤታቸውን መስመር ከዝርዝሩ አጠፋችው። «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ማሽኑ ጠየቃት። አዎ አለችው። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ለቡድኑ ጻፈች።

«ለዓርብ ሌላ አጥቂ ፈልጉ። እኔ የለሁበትም።»

በረኛዋ ወዲያው መለሰችላት። «እንዴ! ምን ሆነሽ? ለስንት ጊዜ?»

ቁንጫ ጋሽ ቮልትን ቀና ብላ አየቻቸው። ላፕቶፓቸውን ዘግተው እማዬ የቀዳችላቸውን ሻይ ሪዛቸውን እንዳይነካው እየተጠነቀቁ ይጠጣሉ። አንድ ቃል ጻፈችና ላከችው።

«እስኪከፈት።»