ሁለት የእንቁላል ሳንድዊች

«ትንፋሽሽን አትያዢ፤ ዘና በይ።»

ሚጣ ቀኝ እጇን ከራስጌዋ ሰቅላ በጀርባዋ ተኝታለች። አክስቷ እታለም የመሣሪያውን ጫፍ የጎድን አጥንቶቿ መሃል ጫን ስታደርገው ቶክ ይላል፤ በር በጣት እንደማንኳኳት ነው። አያምም፣ ይኮረኩራል እንጂ። ማሽኑ በዚያች ምት ጉበት ምን ያህል እንደጠነከረ ይለካል። ለስላሳ ከሆነ ጤነኛ ነው፤ ከጠነከረ ያሳስባል።

እታለም የጉበት ተመራማሪ ናት። ሄፓታይተስ የሚባለው ቫይረስ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ጉበት ሲጎዳ፣ በማን ላይ እንደሚጨክንና ማንን እንደሚምር ለማወቅ ስትለፋ ነው ፀጉሯ የሸበተው። አሁን የምታጠናው ቫይረሱ ካለባቸው እናቶች የተወለዱ ልጆችን ነው። የሚጣ እናት ከነዚያ እናቶች አንዷ ናት። መድኃኒቷን እየዋጠች ደህና ነች፤ ሚጣም እንደተወለደች ተከትባ፣ ኋላም ተመርምራ ነፃ ነች ተብሏል። «አንቺ ለማወዳደሪያ ነው የምትሆኚኝ፤ ጤነኛ ልጅ ያስፈልገኛል» ብላ ነበር እታለም የጠራቻት።

ቶክ። እታለም ስክሪኑን አየችና ጠጋ አለች። ደጋግማ ለካች። ቁጥሩ አልወረደም።

«ሚጣዬ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ምንም አልበላሽም አይደል?»

«ውሃ እንኳ አልቀመስኩም አልኩሽ እኮ!»

ኧረ የምን ውሃ! ከትምህርት ቤት ስትመጣ ክሊኒኩ በር ፊት ለፊት ካለው ሱቅ የእንቁላል ጥብስ ሸቷት፣ ሆዷ አላስችል ብሏት፣ ሁለት ሳንድዊች ሙልጭ አድርጋ ነው የገባችው። እቤት የምግብ ነገር ከተነሳ ቀድሞ የሚጠራው የሷ ስም ነው። ጠዋት ወንድሟ «እሷ? ሦስት ሰዓት ሳትበላ? ሙድ እየያዛችሁብኝ ነው?» ብሎ ሲስቅ «ታያለህ!» ብላ ምላለች። ደግሞስ ሳንድዊቹ ያለው ሆድ ውስጥ፤ ጉበት ምን አገባው?

«ተነሺ፣ ልብስሽን አስተካክዪና ውጭ ጠብቂኝ» አለች እታለም። ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ የለም። ሚጣ ገና ሳትወጣ እታለም ስልኳን አንስታ ለእናቷ ደወለች።

ኮሪደሩ ላይ ሚጣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጎኗን ዳበሰች። ምንም አላመማትም። ግን ይሄ ቫይረስ መች አሞ ያስታውቃል? ብዙም ሳይቆይ እናቷ ከልብስ ስፌት ቤቷ እየሮጠች መጣች፤ ሜትሯ እንኳ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ሚጣን አገላብጣ ሳመቻትና ወደ ውስጥ ገባች። በሩ በደንብ አልተዘጋም።

«ስንት ነው? እንዳትደብቂኝ እታለም!»

«ስምንት አለፈ። በሷ ዕድሜ አምስት ገደማ ነበር መሆን ያለበት። ግን አትደንግጪ፤ ቅድም የቀዳሁት ደሟም እየታየ ነው።»

«ነፃ ናት ብለውኝ ነበር እኮ! ተሳስተዋል ማለት ነው። እኔው ነኝ የሰጠኋት፣ እኔው እናቷ...»

«ተይ እንጂ! በልታ ቢሆን ኖሮ ምግቡ ነው እልሽ ነበር። ሰው ሲበላ ደም ወደ ጉበት ስለሚጎርፍ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ግን አልበላችም፤ ደጋግሜ ጠይቄያታለሁ። ሚጣ ደግሞ እኔን አትዋሸኝም።»

ሳንድዊቹ ነው! ሚጣ በደስታ ልትጮህ ምንም አልቀራትም። ወዲያው ግን ያቺ የመጨረሻዋ ቃል አንገቷን አስደፋቻት። ዝም ብትልስ? የደሙ ውጤት መምጣቱ አይቀር፤ ነፃ ናት ይባላል፣ ነገሩ በዚያው ተድበስብሶ ይቀራል፣ ማንም አያውቅም። ከውስጥ የእናቷ ልቅሶ ተሰማት። እናቷ ስታለቅስ ደግሞ ሰምታ አታውቅም።

በሩን ገፋ አደረገችው።

«እማ፣ አታልቅሺ። እታለም... በልቻለሁ።»

ሁለቱም ዞሩ።

«ምን?»

«ሳንድዊች። የእንቁላል።» ሁለት ጣቶቿን አነሳች። «ሁለት።»

«ሁለት?!» አለች እናቷ፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ እንዳለ።

«መቼ?» አለች እታለም።

«ልገባ ስል።»

እታለም ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። «ተመስገን!» ብላ ሳቀች፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አይለይም። እናቷ የቱን እንደምታስቀድም ግራ ገብቷት በአንድ እጇ የሚጣን ጆሮ ቆንጥጣ ግንባሯን ሳመቻት። «ልትገድይኝ ነው አንቺ ልጅ! ወይኔ ሆዳሟ፣ ልሙትልሽ!»

ሳቁ ሲበርድ እታለም ሚጣን አጠገቧ አስቀመጠቻት።

«ያንን ቁጥር መዝግቤው ቢሆን፣ የጤነኛ ልጅ ጉበት ስምንት ሊሆን ይችላል ብዬ ለሐኪሞች እነግር ነበር። ከዚያ በኔ ቁጥር ተማምነው የታመመውን ልጅ ‹ደህና ነህ› ብለው ይሸኙታል። ገባሽ?»

ሚጣ ፊቷ ጋለ። «ገብቶኛል። ይቅርታ፣ እታለም።»

«ለምን ዋሸሽኝ ግን?»

«‹አልበላሽም አይደል?› ስትይኝ እንዴት ብዬ በልቻለሁ ልበል? አፈርኩ።»

እታለም ጥያቄዋን ለራሷ ደገመችው። «እሱስ እውነትሽን ነው፤ አጠያየቄም ልክ አልነበረም» አለች።

ሦስቱም አብረው ጠበቁ። እናቷ ወደ ሥራዋ አልመለስም ብላ፣ ከቦርሳዋ መርፌና ክር አውጥታ የእታለምን ነጭ ጋዋን ቁልፍ ሰፋች። የደሙ ውጤት መጣ፤ ቫይረሱ የለባትም። እናቷ «ጉበቷ ካልታየ አላምንም!» አለች። ሦስት ሰዓቱ ሲሞላ ሚጣ እንደገና ተኛች። ቶክ። ቶክ። ቶክ።

«አምስት!» አለች እታለም።

«እፎይ!» እናቷ ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ ጣለች። ሚጣም ከአልጋው ስትወርድ ሰውነቷ ሁሉ ቀለላት፤ ሆዷ ደግሞ ኮሪደሩ ድረስ በሚሰማ ድምፅ ጮኸ።

ሲወጡ አግዳሚው ወንበር ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ቦርሳዋን አቅፋ ተራዋን ትጠብቃለች። ሹራቧ ላይ የብስኩት ፍርፋሪ አለ። ሚጣን ስታያት ቶሎ ብላ አፏን ጠረገች።

«ነይ እንጂ፣ ርቦሽ የለ?» አለች እናቷ ከፊት ሆና። «ያንን ሳንድዊችሽን ልግዛልሽ።»

«አንዴ ብቻ፣ እማ።»

ሚጣ ልጅቷ አጠገብ ተቀመጠችና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

«እኔ ሁለት የእንቁላል ሳንድዊች በልቼ ነበር የገባሁት» አለቻት። «አንቺስ፣ ምን በላሽ?»