የአባቷ ጀርባ

«ኧረ በደንብ ትራመዳለች ዶክተር! ጠዋት ማታ ነው እንጂ!» አለ አባቷ፣ ልጅቱ አፏን ከመክፈቷ በፊት።

ሚጡ አቀርቅራ ጫማዋን አየች። ከተገዛ ወራት አልፎታል፤ ሶሉ ግን ገና ከሱቅ የወጣ ይመስላል።

ፊዚዮቴራፒስቷ የአጥንት ምርመራውን ውጤት ደግማ አነበበችና ፊቷ ተቋጠረ። «ለደም ካንሰሩ የምትወስደው ኪኒን አጥንት እንደሚያሳሳ እናውቃለን» አለች። «ይሄ ግን ከጠበቅነው በላይ ነው። እየተራመደች እንዲህ ከሆነ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለብን። ለሐኪሞቹ እነግራቸዋለሁ። ምናልባት መድኃኒቱንም እንደገና ያዩት ይሆናል።»

ሚጡ ደንግጣ ቀና አለች። ፊቷን አሳብጦ እንቅልፍ የሚነሳት ያ የተረገመ ኪኒን ነው ካንሰሩን ያስታገሠላት። አሁን በአንድ ውሸት ሊቀየርባት ነው።

አባቷ ውሸታም ሰው አይደለም። ፈሪ ሆኖ ነው። ሆስፒታል ተኝታ በነበረችበት ክፍል፣ አጠገቧ የተኛ ልጅ ከአልጋው ሲወርድ ወድቆ ጭኑ ተሰብሮ ነበር። አባቷ ያን ቀን ካየ ወዲህ እግሯን መሬት አላስነካትም። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከቤት ወደ መኪና፣ ሁሌም በጀርባው ነው። ግንበኛ ነውና «ሲሚንቶ ያላጎበጠኝን አንቺ ታጎብጪኛለሽ?» እያለ ይቀልድባታል። መጀመሪያ ላይ ደስ ይላት ነበር። አሁን ስትቆም ግን እግሮቿ የሌላ ሰው እግር ይመስል አልታዘዝ ይሏታል።

ሰረቅ አድርጋ አየችው። በኖራ የተሰነጣጠቁ እጆቹ ባርኔጣውን ያሻሉ። በሰው ፊት ልታዋርደው ነው። አሳዘናት፤ ተናደደችበትም።

«ዶክተር...» አለች ጫማዋን እያየች። «አልራመድም። አባዬ ነው የሚሸከመኝ።»

አባቷ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። «እንዳትሰበርብኝ ብዬ እኮ ነው» አለ ቀና ሳይል። «ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ያ ልጅ ሲጮኽ እርስዎ አልሰሙትም።»

«ሰምቼዋለሁ» አለች ፊዚዮቴራፒስቷ ቀስ ብላ። ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች። «መውደቋ እኔንም ያስፈራኛል። መሮጥና መዝለል ለጊዜው አልፈቅድላትም። ግን አጥንት የሰውነትን ክብደት ካልተሸከመ ይብሱን ይሳሳል። እርስዎ ባዘሏት ቁጥር እግሯ ሥራ ይፈታል።»

አባቷ በመዳፉ ፊቱን ጠራረገና ወደ ልጁ ዞረ።

«እና እኔ ነኝ የጎዳሁሽ?»

ሚጡ አይደለህም ብትለው ሌላ ውሸት ነው፤ አዎ እንዳትለው አንደበቷ እምቢ አላት። የተቀመጠችበትን የምርመራ አልጋ ጠርዝ ጨብጣ ተነሣች።

አባቷ ዘሎ ተነሥቶ ከፊቷ በርከክ አለና ጀርባውን ሰጣት። እንዲህ ያደረገው አስቦ አይደለም፣ ለምዶበት ነው። ሚጡ ያን ሰፊ ጀርባ ቆማ አየችው። ደክሟታል፣ ፈርታለች፤ አንድ እርምጃ እንኳ ሳትራመድ እዚያ ላይ ልጥፍ ብትል እንዴት ደስ ባላት!

«ተነሥ አባዬ» አለችው።

«ሚጡዬ፣ ብትወድቂስ?»

«ከጎኔ ሁን። ከተንገዳገድኩ ትይዘኛለህ። ካልተንገዳገድኩ ግን እንዳትነካኝ።»

አባቷ ጉልበቱን ተደግፎ ተነሣና ከጎኗ ቆመ። እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት ኪሱ ውስጥ ከተታቸው፤ ወዲያው ደግሞ አወጣቸው። በሩ ድረስ ለመሄድ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው፤ አባቷም አላጣደፋትም።