ቴሚስቶክልስ በምን ሞተ?

ኢንስፔክተር እስከዳር ኮምቦልቻ ዳር ካለው መጋዘን ስትደርስ፣ የታሪክ አስተማሪዋ የነበሩት የጋሽ ምንይሉ አስከሬን ከካርቶን በተሠራ የግሪክ ዐምድ ሥር ተጋድሞ ነበር። ደረታቸው ላይ በእጃቸው የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት አለ፦ «ደክሞኛል። ይህን ጽዋ በገዛ እጄ አነሣሁ። ይቅር በሉኝ።» አጠገባቸው የወደቀውን የነሐስ ጽዋ አንሥታ አየችው፤ ውስጡ አቧራ ነበር። ማንም አልጠጣበትም።

መጋዘኑ ውስጥ የነበሩት ዳይሬክተሩ ደሳለው፣ ተዋናዩ ሚስባህና የአልባሳት ባለሙያዋ መርየም ናቸው። እዚያ የሚቀርጹት ፊልም አቴናን ከፋርስ ጦር አድኖ፣ በኋላ አገሩ ስላባረረችው ስለ ቴሚስቶክልስ ነው። ከጥንት ጸሐፍት አሰባስበው ድርሰቱን የጻፉት ጋሽ ምንይሉ ነበሩ።

«ዛሬ አላገኘኋቸውም፤ ሲገቡም አላየሁ» አለ ደሳለው። «ግን ያን የመሰለ ጀግና እንደማንም ሽማግሌ አልጋ ላይ ታሞ ይሙት የሚል ሰው፣ ተስፋው ተሟጧል ማለት ነው።»

መርየም ቀይ ካባ ታቅፋ ታለቅሳለች። «ቴሚስቶክልስ በጽዋው መርዝ ነው የሚባለውን የበሬ ደም ጠጥቶ የሚሞትበትን ልንቀርጽ ነበር። ይህን ካባ በካውያ ስተኩስ ነው የዋልኩት።»

ሚስባህ ወረቀቱን ሲያይ ክው አለ። «ወላሂ፣ ይህ የኔ ቃል ነው! ጽዋውን ከመጠጣቴ በፊት የምለው። ቴሚስቶክልስ የሚል ስም ያለበት ላይኛው ጫፍ ተቀዷል።»

እስከዳር ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ወዳለው የሟች ቤት ደወለች።

«ራሱን አጠፋ አሉኝ» አሉ ባለቤታቸው እትዬ ጽናት። «እንዲያ ከሆነ ፍትሐት ይከለከላል፣ ልጄ።»

«ጠዋት እንዴት ነበሩ፣ እትዬ?»

«ደስ ብሎት! ቁርስ ላይ መጨረሻውን ቀየረው። ‹ለዘመኑ ቅርብ የነበረው ጸሐፊ ታሞ ሞተ ይላል፤ የጽዋው ነገር ወሬ ነው› ብሎ አዲሱን ገጽ ይዞ ወጣ። ለማንም አልነገረ፤ ስልኩንም እዚሁ ረስቶታል።»

አዲሱ ገጽ አስከሬኑ ላይ አልነበረም። እስከዳር ሦስቱን ሰበሰበች።

«ጋሽ ምንይሉ ክፍል ውስጥ፣ ተናጋሪው ከማን እንደሰማ ጠይቁ ይሉን ነበር። መርየምና ሚስባህ እስካሁን የሚያወሩት ስለ ጽዋው ነው፤ መጨረሻው መቀየሩን አያውቁም። ደሳለው፣ አንተ ግን አልጋ ላይ ታሞ ይሙት አሉ ብለኸኛል። ያ ገጽ የተጻፈው ዛሬ ነው። አላገኘኋቸውም ካልክ ከማን ሰማኸው?»

ደሳለው ቦርሳውን ወደ ራሱ ሳበ።

«የድርሰቱ የእጅ ጽሑፍስ ማን ጋ ነበር?»

«ታይፕ አድርጌ ለደሳለው ነው የመለስኩት» አለች መርየም በቀስታ።

ቦርሳው ሲፈተሽ አዲሱ ገጽና ባዶ የኪኒን ማሸጊያ ተገኘ።

«እንዲተኙ ብቻ ነበር» አለ ደሳለው። «‹መጨረሻው ካልተቀየረ ድርሰቴን ይዤ እሄዳለሁ› አሉኝ። አምስት ዓመት የለፋሁበትን! እስኪነቁ ቀርጸን እንጨርሳለን ብዬ ጭማቂያቸው ውስጥ የእንቅልፍ ኪኒን ጨመርኩ። ልባቸውን እንደሚያማቸው አላወቅኩም። ስመለስ አይተነፍሱም።»

«ሐኪም በመጥራት ፈንታ ወረቀት ቀደድክ።»

«ፈራሁ።»

እስከዳር ወሬውን ለእትዬ ጽናት በስልክ ልትነግራቸው አልፈለገችም፤ ዳገቱን ወደ ደሴ ወጣች። የንስሐ አባታቸው አባ ገብረ ማርያም ደጃፉ ላይ አቀርቅረው ተቀምጠዋል።

«አባ፣ ራሳቸውን አላጠፉም። በሰው እጅ ነው የሞቱት።»

አባ አማትበው ለፍትሐቱ ሊዘጋጁ ተነሡ። እትዬ ጽናት ግን እጇን ጨምድደው ያዙ።

«ተኝቶ ነው የሄደው? አልተሠቃየም?»

ስለ መጨረሻ ሰዓታቸው የተናገረው ደሳለው ብቻ ነው፤ የእሱን ቃል አምና ልትሰጣቸው አልቻለችም።

«አላውቅም፣ እትዬ» አለች፤ አብራቸውም ወለሉ ላይ ተቀመጠች።