አቧራ ለብሳ የምትነድ ጋላክሲ

የተዋወቁት በስድብ ነው። እሷ ከተራራው ግርጌ፣ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ሰማይ ታጠናለች፤ እሱ ተራራው አናት ላይ የአንቴናውን መቀበያ የሚያቀዘቅዘውን ማሽን ይጠብቃል። አንድ ቀን አንቴናው ሥራዋ መሀል ቀጥ ሲልባት ሬዲዮውን አነሳችና፣ «እዚያ ላይ ሰው አለ ወይስ ድንጋይ ነው የቀጠሩት?» አለች።

ከሰዓት በኋላ አንድ ረዥም ወጣት በሩ ላይ ቆሞ፣ «ድንጋዩ መጥቷል» አላት። በኀፍረት ውሃ ሆነች!

በማቀዝቀዣው ማሽን የተነሣ ሰዉ ሁሉ በረዶው ይለዋል። እሷን ደግሞ፣ የሰማይ አቧራ ስለምታጠና፣ እሱ ነው አቧራዬ ያላት።

«እስቲ ንገሪኝ፣ አቧራ ደግሞ ምኑ ይጠናል?»

«ዓለም ገና ልጅ ሳለች የነበሩ ግዙፍ ጋላክሲዎች አሉ። ከዋክብት እንደ ጉድ ይወልዳሉ፤ ግን የገዛ አቧራቸው ሸፍኗቸው በተራ ቴሌስኮፕ አይታዩም። አቧራው ሲሞቅ፣ ያንን ሙቀት ያንተ አንቴና ይይዘዋል።»

«መጨረሻቸውስ?»

«ጋዛቸውን ቶሎ ይጨርሱና ከዋክብት መውለድ ያቆማሉ።»

«ምስኪኖች» አለና ዓይን ዓይኗን አያት። አስተያየቱ አንጀቷን በላው። ከዚያ በኋላማ ምኑ ይወራል፤ ዓመት ሳይሞላ የሠርጉን ቀን ቆረጡ።

ግን አንድ ነገር ቀርቷቸው ነበር። እሷ ያገኘቻትን ጋላክሲ አለቃዋ አላምንም አለ። «በተራ ቴሌስኮፕ የተነሣው ፎቶ ላይ ምንም የለም። ያየሽው የማሽን ጫጫታ ነው» አላት። በተሰጣት ጊዜ ውስጥ ደግማ ካላሳየች ኮንትራቷ አይታደስም፤ ካልታደሰ ደግሞ አገር ለቃ መሄዷ ነው።

የመጨረሻው ቀን ማሽኑ ተበላሽቶ ሞቀ፤ ከሞቀ ደግሞ አንቴናው ምንም አያይም። ይቺን ይወዳል! ሌላው ቴክኒሻን እረፍት ላይ ነው፤ በረዶው ደግሞ ጉንፋን ይዞት ያስላል። አናቱ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ወደ ተራራው የሚወጣውን ሰው ሁሉ ጣቱ ላይ መሣሪያ አድርጋ የደሙን ኦክስጅን የምትለካው ነርስ ታላቅ እህቱ ናት፤ እናትም አባትም ሆና ያሳደገችው እሷ ናት።

«ደረትህ ሳይጠራ አትወጣም፤ በቃ!» ብላው ነበር።

የተራራው ሠራተኞች አንድ ተንኮል አላቸው። ከመለካት በፊት በር ጀርባ ቆሞ ደጋግሞ በኃይል መተንፈስ፤ ያኔ ቁጥሩ ለጊዜው ከፍ ይላል። እህቱም ይህን ስለምታውቅ፣ የሚለካውን ሰው ከዓይኗ አታርቅም።

«እትዬን በወሬ ያዢልኝ» አላት በረዶው ለአቧራዬ።

እምቢ ማለት ትችል ነበር። ግን እሷም ፈለገች። ገብታ ስለ ቬሎዋ ማውራት ጀመረች፤ የእትዬ ፊት በደስታ ፈካ። እሱ ሲገባ ሁለቱም እየሳቁ ነበር። እትዬ ለካችው፣ ቁጥሩ ደህና ነው፤ «እሰይ፣ ተሽሎሃል!» ብላ ለቀቀችው።

ወጣ፣ ማሽኑንም አስተካከለ። ትንሽ ቆይቶ ስክሪኑ ላይ፣ ልክ በቦታዋ፣ አንዲት ደብዛዛ ነጥብ ብቅ አለች።

«በረዶው! ታየች! ታየች እኮ!»

«እንኳን… ደስ አለሽ።» በሬዲዮው እስትንፋሱ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

ክው አለች። «ምን ሆነሃል? ውረድ!»

«አንድ ሰዓት ያስፈልገኛል ብለሽ የለ? ጥዬው ከወረድኩ ይሞቃል። አይዞሽ፣ ኦክስጅን ይዣለሁ።»

አንድ ጥሪ ቢደረግ መኪና ወጥቶ ያወርደዋል። ሬዲዮውን አየች፤ ነጥቧን አየች። ነጥቧ ገና ጥርት አላለችም፤ አሁን ማሽኑ ቢቆም አለቃዋ ዳግም ጫጫታ ነው ይላል።

«እሺ፣ ትንሽ ታገሥ የኔ ጌታ» አለችው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሰዓቱ ሲሞላ የጠራችው መኪና ሲደርስ ማሽኑን ተደግፎ እንደ ተቀመጠ አገኙት። ሳንባውን ውሃ ሞልቶት ነበር።

አለቃዋ ኮንትራቷን አደሰላት። ከቀብሩ በኋላ እትዬ ቤት ሄዳ፣ መሬት መሬት እያየች የሆነውን ሁሉ ነገረቻት፤ የቬሎውን ወሬም አልደበቀችም። እትዬ አልጮኸችም። «ያቺ ጋላክሲሽ፣ ብርሃኗ እዚህ ለመድረስ ስንት ዓመት ፈጀበት?» አለቻት።

«አሥራ ሁለት ቢሊዮን።»

«ይህን ሁሉ ዘመን የመጣ ብርሃን፣ ወንድሜን ጉንፋኑ እስኪለቀው አይጠብቀውም ነበር?»

አቧራዬ እንባዋ እየወረደ ቀና ብላ አየቻት።

«ይጠብቀው ነበር፣ እትዬ።»