የ«ና» እና የ«ሂድ» ቅንብር

ባምላኩ ሞቶ የተገኘው ቅዳሜ በዐሥራ አንድ ሰዓት፣ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ባለችው ሙዚቃ ቤቱ ውስጥ፣ ማዳመጫው ከጆሮው ሳይወርድ ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ነው። እሑድ ጧት ወሬው ቡሬ ደርሶ ተመልሷል። «በሴት ምክንያት ራሱን አጠፋ» ነው ወሬው። ሬሳ አፍ የለውማ፤ ሁሉም አፍ ይሆንለታል!

ወሬው መነሻ አላጣም። ባምላኩ ለሚኒባስ ሹፌሩ ለደረሰ የዘፈን ቅንብር ሲያዘጋጅ ነበር። አንድ የ«ና» ዘፈን፣ ቀጥሎ አንድ የ«ሂድ» ዘፈን፤ በመሀል በራሱ ድምፅ ስለ አንዲት ጠርታ ስለምትገፋ ልጅ ያወራል። የመጨረሻው ንግግር «ከእንግዲህስ በቃኝ» ይልና ያልቃል። ልጅቷ ማን እንደሆነች ከተማው ለመገመት አልደከመም፤ ጎረቤቱ ልብስ ሰፊዋ ያምሮት ናት። ጧት ትስቅለታለች፣ ከሰዓት ሰላምታውን ትነሳዋለች።

ኢንስፔክተር ሀብትነሽ ግን ወሬው ከየት እንደወጣ ታውቃለች። ቅዳሜ ማታ ያንን ድምፅ ከፍላሽ ላይ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ሰምታ፣ «በቃ፣ ራሱን ነው» ያለችው እሷ ናት። ምላሷን በቆረጠው! አሁን የሟቹ እናት እማማ አገሬ ፊቷ ቆመዋል።

«ልጄ፣ መሞቱንስ ሞተ» አሏት። «ራሱን ካጠፋ ግን ፍትሐት የለውም ብለውኛል አባ ዘሚካኤል። ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ጸሎት ሳይደረስለት እንደ ውሻ ልቅበረው?»

«እስከ ስድስት ሰዓት ይታገሡኝ፣ እማማ» አለች ሀብትነሽ። ሴትዮዋን ቀና ብላ ማየት አቃታት።

በመጀመሪያ ሬሳውን ያገኘውን ደረሰን ጠየቀችው። እሱም ያምሮትን ይከጅላል ይባላል።

«መርዝ አጠገቡ አላየህም?»

«ኧረ ምንም! በሩን ስከፍተው ጭስ ጭስ ሸተተኝ እንጂ። እሱም የጀነሬተሩ ነው ብዬ ተውኩት።»

«ጀነሬተር ለምን አስነሣ?»

ደረሰ ቆቡን አውልቆ ጨመደደው። «እኔ አጣድፌው ነው። መብራት ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ጠፍቶ ነበር፤ የመጣው ዛሬ ጧት ነው። ነገ ይድረስልህ ሲለኝ እምቢ አልኩት።»

ሀብትነሽ ሙዚቃ ቤቱና ስፌት ቤቱ ወደሚጋሩት ጓሮ ዞረች። ከጣራው ጠርዝ ሥር የጀነሬተሩ አራት እግሮች ያረፉበት ይታያል። ከዚያ ተነሥቶ እስከ ጓዳው በር ድረስ ጭቃው ላይ ሁለት መስመር ተሥሏል። ጀነሬተሩ አሁን ያለው ጓዳ ውስጥ ነው፤ ቤንዚኑ አልቋል፣ ግድግዳው ጥላሸት ለብሷል። ጓዳውን ከመቅረጫው ክፍል የሚለየው ስስ የኮምፔልሳቶ ጣውላ ነው። መቅረጫው ክፍል ግን የውጭ ድምፅ እንዳይገባበት ግድግዳው በእንቁላል ካርቶን፣ መስኮቱና የበሩ ስንጥቅ በስፖንጅ ተደፍኗል። ሐኪሙም ሌሊቱን የሟቹ ጥፍር ከተለመደው ውጭ መቅላቱን ነግሯት ነበር።

ያምሮት ስፌት ቤቷ ውስጥ ዓይኗ አብጦ ተቀምጣለች። የቀኝ እጇ አንጓ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«እጅሽን ምን ነካው?»

«ካውያ ነው። ትናንት ከሰዓት ስተኩስ።»

ሀብትነሽ ካውያውን አየችው፤ ገመዱ ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ነው። ሌላ አልጠየቀችም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል እንዲህ ነው።

በስድስት ሰዓት እናትየው፣ የነፍስ አባታቸው አባ ዘሚካኤል፣ ደረሰና ያምሮት በጠባቧ ሙዚቃ ቤት ተሰበሰቡ።

«ደረሰ፣ ባምላኩ ድምፁን እንዴት ነበር የሚቀርጸው?»

«የመጣለትን ሁሉ ያወራል። ኋላ የማይፈልገውን ይቆርጣል። ዋናው ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ ይቀራል።»

«እኔ የሰማሁት የተቆረጠውን ነበር፤ ዋናውን ዛሬ ሰማሁት» አለችና ከፈተችው።

«ከእንግዲህስ በቃኝ» አለ የባምላኩ ድምፅ። «እሺም እምቢም ሳትለኝ ሁለት ክረምት አለፈ። ነገ ሽማግሌ እልካለሁ፤ ትቁረጥልኝ።» ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርዳል። ከሩቅ የነበረው የሞተር ድምፅ ድንገት ቀረበ። ብረት ተጎተተ፣ በር ተዘጋ። «ማነው?» አለ ባምላኩ። መልስ የለም። ቅጂው እዚያ ላይ አበቃ።

«አፈር ልብላልህ፣ ልጄ!» አሉ እማማ አገሬ።

«ነገ ሽማግሌ የሚልክ ሰው ዛሬ ራሱን አያጠፋም» አለች ሀብትነሽ። «ጀነሬተሩን ሰው ከዝናብ አስገባው፤ በሩንም ዘጋው። የቤንዚን ጭስ ዓይን የማያየው መርዝ አለው፤ ጥፍሩን ያቀላውም እሱ ነው። በኮምፔልሳቶው አልፎ ገባ፤ ክፍሉ ድፍን ነውና መውጫ አጣ። ባምላኩ ወሬውን ጨርሶ ዘፈኖቹን ሲደረድር እንቅልፍ የመጣበት መስሎት ነው የቀረው።»

«እኔ ነኝ ያጣደፍኩት» አለ ደረሰ።

«እኔ ነኝ፤ ጀነሬተሩን ዝናብ እንዳይነካብህ እያልኩ ሁልጊዜ የምጨቀጭቀው» አሉ እናትየው።

«አይደላችሁም» አለች ሀብትነሽ። «የጎተተውን ሰው የጭስ ማውጫው እጁን ጠብሶታል። መብራት በሌለበት ከሰዓት ደግሞ የኤሌክትሪክ ካውያ ሰው አያቃጥልም።»

ሁሉም ወደ ያምሮት ዞሩ። ልጅቷ ጨርቁን ከእጇ ፈታችው፤ ቁስሉ ጠቁሯል።

«ሲበሰብስበት አሳዘነኝ» አለች። «እንዳስገባሁለት እንዲያውቅ ግን አልፈለግሁም። ማነው ሲለኝ ዝም ብዬ ሮጥኩ። እሱ ሲሞት እኔ በዚህ ግድግዳ ማዶ ቁልፍ እተክል ነበር። ጭስ ሰው እንደሚገድል አላወቅሁም፤ በማርያም አላወቅሁም!»

«ክፋት እንዳልነበረብሽ እጽፋለሁ፤ የቀረውን ዓቃቤ ሕግ ያየዋል» አለች ሀብትነሽ። ከዚያ ወደ እናትየው ዞራ ዝቅ አለች። «ራሱን አጠፋ የሚለውን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ እማማ። ይቅር ይበሉኝ።»

እማማ አገሬ በእጃቸው ትከሻዋን ነካ አደረጓት። አባ ዘሚካኤል ለፍትሐቱ ካህናቱን ሊጠሩ ተነሡ። እናትየው ግን ወደ ያምሮት ተጠግተው የተቃጠለውን እጅ ያዙት።

«ሽማግሌዎቹ ዛሬ ነበር የሚመጡት» አሏት። «ቢመጡ ምን ትያቸው ነበር?»

«እሺ ነበር የምላቸው» አለች ያምሮት።

እማማ አገሬ እጇን ሳይለቁ ቁጭ አሉ። «ምነው ትናንት ማነው ሲልሽ ባልሽው፣ ልጄ» አሉ። «ጠይቆሽ ነበርኮ።»